ሐኪምና ተመራማሪ፦ ዕዳቸው ለማን ነው?

የዛሬው ትምህርት ሕሙማንን በማከምና በሽታን በመመርመር መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ከጤና ተማሪዎች ጋር በተቀመጥን ቁጥር ጥያቄው መልኩን እየለዋወጠ ይነሣል። «ሐኪም ሆኜ ብቀጥል ይሻለኛል ወይስ ወደ ምርምር ልግባ?» የሚል አለ። «ተመራማሪ የሚሆነው ሕክምና የሰለቸው ሰው አይደለም ወይ?» ብሎ በድፍረት የሚጠይቅም አይጠፋም። አንዳንዱ ደግሞ በቀጥታ ወደ ደመወዙ ይሄዳል። ደመወዝ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ቤተሰብ የሚጠብቃችሁ ብዙዎች ናችሁና በኋላ እናየዋለን። ከእርሱ ከጀመርን ግን መንገድ እንስታለን።

ለምን ቢሉ፣ ሁለቱን ሥራዎች የሚለያቸው ትልቁ ነገር የሠራተኛው ዕዳ ነው። ሐኪም ዕዳው ፊቱ ለተቀመጠው ሰው ነው፤ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የመጣበትን ቀበሌ ያውቃል። ተመራማሪ ዕዳው ለእውነተኛው መልስ ነው፤ በመልሱ የሚጠቀመው ሰው ደግሞ ምናልባት ገና አልተወለደም። ይህን ከያዝን ሌላው ሁሉ፣ የትምህርቱ ርዝመት፣ የኑሮው ዓይነት፣ የሚያጋጥመው ፈተና፣ ከዚህ ሥር የሚወጣ ሆኖ እናገኘዋለን።

አስቀድመን የሐኪሙን ነገር እንይ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም ሊከበር እንደሚገባው፣ መድኃኒትም ከምድር የተገኘ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ ያስተምራል። የታመመው ሰው ይጸልያል፤ ለሐኪሙም በጊዜው ቦታ ይሰጠዋል፤ እርሱ ራሱም ይጸልያል። ሦስቱም የሚገናኙት በአንድ ታማሚ አልጋ ዙሪያ ነው። ሕክምና ከዚያ አልጋ ርቆ አይሄድም።

አሁን ምሳሌ እንውሰድ። እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ ያበጠ፣ ቆዳው የሻከረ አንድ ገበሬ ከምሥራቅ ጎጃም ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው በሽታ ነው። ትናንት ማታ ትኩሳት ይዞት፣ እግሩ ሲነድ አድሯል። ሐኪሙ በዚህ ሰው ፊት ነጻ አይደለም። «በሽታህ ገና እየተጠና ስለ ሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመለስ» ሊለው አይችልም። ያለውን እውቀት፣ ያለውን መድኃኒትና ያለችውን ሩብ ሰዓት ይዞ ዛሬውኑ መወሰን አለበት። ትኩሳቱን ያስታግሣል፤ ቁስል ካለ ያክማል። እግሩን በየቀኑ በሳሙና እንዲታጠብ፣ በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ እንዲዘፈዝፍ፣ ቅባት እንዲቀባ፣ ካልሲና ጫማ እንዲያደርግ ያሳየዋል። ሚስቱ አብራ መጥታ ከሆነ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ይነግራታል። ይህ የመጨረሻው ነገር አንዳንዴ ከመድኃኒቱ ይበልጣል፤ በዚህ እግር ምክንያት ከማኅበር የተገለሉ፣ ጋብቻ የተከለከሉ፣ ቅዳሴ ለመቆም ያፈሩ ብዙ ናቸውና።

ልብ በሉ፤ ሐኪሙ ይህን ሁሉ ያደረገው ሙሉ እውቀት ሳይኖረው ነው። የሕክምና ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ባልተሟላ እውቀት መወሰን፣ ከወሰኑም በኋላ ለውሳኔው ተጠያቂ ሆኖ ከታማሚው ጋር መቆየት። ይህን ችሎታ መጽሐፍ ብቻውን አይሰጥም። እጅና ዓይን ከመምህር ሥር ሆነው ይማሩታል። በአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የታወቀችውን ማሚቱ ጋሼን አስቡ። ራሷ በወሊድ ተጎድታ ለመታከም ከገጠር የመጣች፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት ነበረች። ከዶክተር ሬጂናልድና ከዶክተር ካትሪን ሃምሊን ጎን ቆማ መሣሪያ በማቀበል ጀምራ፣ ቀዶ ሕክምናውን ራሷ የምትሠራ፣ ዲግሪ ላላቸው ሐኪሞችም የምታሳይ ሆነች። ይህ የሚሆነው በሕክምና ብቻ ነው። ምርምር እንዲህ ያለ በር የለውም፤ ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ቁጥር፣ ያለ ረጅም ንባብ አይገባበትም።

ወደ ገበሬው እንመለስ። እርሱ ሊጠይቀው፣ ሐኪሙም ሊመልሰው የማይችለው አንድ ነገር አለ። ወንድሙ በዚያው ማሳ በባዶ እግሩ ያርሳል፤ የእርሱ እግር ግን አላበጠም። ለምን?

በወንጌል አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት ታስታውሳላችሁ። ማርቆስ በብዙ ሐኪሞች እጅ ብዙ እንደ ተሠቃየች፣ ገንዘቧን ጨርሳም እንደ ባሰባት ይጽፋል። ሉቃስ ግን በእጃቸው መሠቃየቷንና መባሷን ሳያነሣ ማንም ሊፈውሳት እንዳልቻለ ተናግሮ ያልፋል። ሐኪም ስለ ነበር የሥራ ባልደረቦቹን አላጋለጠም የሚሉ አሉ፤ እኔም ይህን አስተያየት አልጠላውም። ለትምህርታችን የሚጠቅመን ግን እነዚያ ሐኪሞች ሁሉ ክፉዎች መሆናቸውን ወንጌሉ አለመናገሩ ነው። እውቀታቸው አልቆ ነበር። እውቀት ባለቀበት ቦታ ደግ ሐኪም መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ዓይነት ሠራተኛ ያስፈልጋል።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሥራ ላይ ነበር። እግራቸው ያበጠ ሰዎች እየደጋገሙ ይመጡበታል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ላለው እብጠት የተለመደው ማብራሪያ ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ነው የሚል ነበር። ፕራይስ ግን ሕሙማኑ ከየት እንደሚመጡ መጠየቅ ጀመረ። የሚመጡት ትንኟ ከምትበዛበት ቆላ ሳይሆን ከደጋውና ከወይናደጋው ነበር፤ ያውም ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ካለበት አገር። በእግር ዕጢዎቻቸው ውስጥ ደቃቅ የአፈር ማዕድን ተገኘ። የበሽታው መንሥኤ ትል ሳይሆን ለዘመናት በባዶ እግር የተረገጠው አፈር መሆኑን እንዲህ እያለ አስረዳ፤ ዛሬ በሕክምናው ዓለም ፖዶኮኒዮሲስ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው።

ፕራይስ እዚህ ላይ ምን አደረገ? ከአንዱ ታማሚ ዓይኑን አንሥቶ ሁሉንም በአንድ ላይ አየ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ከባድ ዱቲ ያደረ ኢንተርን ከአርባ ካርድ መካከል «እነዚህ ሰባቱ ለምን ከአንድ ወረዳ መጡ?» ብሎ እንዲጠይቅ አይጠበቅበትም፤ ጉልበትም የለው። ተመራማሪ ማለት ግን ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ የተሰጠውና ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው።

የወንድማማቾቹ ጥያቄ ከፕራይስ በኋላም ቀረ። አፈሩ አንድ ከሆነ አንዱን አሳብጦ ሌላውን ለምን ይተዋል? ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናት ከሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ጋር የተያያዙ የዘር ልዩነቶች አንዳንዱን ለአፈሩ ተጋላጭ እንደሚያደርጉት አሳዩ። ይህ መልስ አደጋም አለው። በመንደሩ ውስጥ ድሮም «በዘራቸው ነው» እየተባለ ልጃገረድ የምትከለከልበት በሽታ ነው። ተመራማሪው «ዘር» ብሎ ሲጽፍ በመንደሩ ጆሮ ምን እንደሚሰማ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ቡድኑ ናሙና ከመውሰዱ በፊት ማኅበረሰቡ ፈቃድ ስለ መጠየቅ ምን እንደሚያስብ ለብቻው አጥንቶ ነበር። በባዶ እግሩ ካልረገጠ ተጋላጩም ሰው አይታመምም፤ ዘር ብቻውን እግር አያሳብጥም፤ ይህም አብሮ ሊነገር ይገባዋል።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልብ ደርሰናል፤ እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ አንድ ጥናት ተደርጓል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ያ ሐኪሙ ያስተማረው መታጠብ፣ መቀባት፣ ጫማ ማድረግ የትኩሳቱንና የመንደዱን ድግግሞሽ ይቀንሳል ወይ? 696 ሰዎች ተመዘገቡ፤ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሕክምናውን ወዲያው ጀመሩ። ግማሾቹ አሥራ ሁለት ወር ጠበቁ፤ ከዚያ በኋላ እነርሱም አገኙት።

ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይቆማል። «ሳሙናና ውኃ ለድሃ ገበሬ አንድ ዓመት ማዘግየት ኃጢአት አይደለም ወይ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚጠይቀውም ሰው የሐኪም ልብ አለው። ሐኪም ፊቱ ላለው ሰው ይጠቅመዋል ብሎ ያመነውን ነገር አያዘገይም፤ ካዘገየ ዕዳውን አልከፈለም። ተመራማሪው ግን እንዲህ ይመልሳል። ሕክምናው እንደሚጠቅም እናምናለን፤ አናውቅም። ማመናችን ብቻ ከሆነ መንግሥት በየወረዳው ገንዘብ እንዲመድብ ልንጠይቅ አንችልም፤ ብንጠይቅም አንሰማም። ስለዚህ አስቀድሞ ለሁሉም ይነገራቸዋል፣ ፈቃዳቸው ይጠየቃል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረምራል፣ የዘገዩትም ኋላ ይታከማሉ። ሕክምናው ፈጽሞ ባልነበረበት ወረዳ በዕጣ ማስጀመር ከማንም ላይ የነበረውን አልቀማም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ወዲያው የታከሙት ሰዎች በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ፣ የጠበቁት 23.9 ጊዜ እንዲህ ያለ ሕመም ያዛቸው። ቁጥሩን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ሕክምናው ጠቅሟል፤ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ አልጋ ላይ መውደቅን አስቀርቷል። የታከመውም ሰው ግን በዓመት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይነድዳል። ጤና ጣቢያ ያለው ሐኪም «ታጥበህ ጫማ ካደረግህ ይሻልሃል» ሲል እውነቱን ተናግሯል። ተመራማሪው «ይህን ያህል ይሻልሃል፣ ከዚህ በላይ አይደለም» አለ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ንግግር ታማሚውን ያጽናናል። ሁለተኛው ደግሞ በቃን ብለን እንዳንተኛ ያደርገናል።

አንድ ሰው ሁለቱን ዕዳዎች ሳይለይ ቢደባልቃቸው ምን ይከተላል? ለዚህ ከአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዚያ አለርት ሆስፒታል አለ፤ ከጎኑ ደግሞ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት። አንዱ ያክማል፣ ሌላው ይመረምራል፤ በአንድ አጥር ጉርብትና ለብዙ ዓመታት አብረው ኖረዋል። ኢንስቲትዩቱ የተሰየመው ለኖርዌያዊው ሐኪም ለገርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው። ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 በበርገን ከተማ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ አገኘ። ብዙዎች በዘር የሚወረስ ነው ይሉት የነበረውን በሽታ ከተሕዋስ የሚመጣ መሆኑን ያመለከተ ታላቅ ግኝት ነው።

ግኝቱን ግን ማስረገጥ ፈለገ። ባክቴሪያው በላብራቶሪ ሊበቅልለት አልቻለም፤ እንስሳም አልያዘለትም። በ1879 ከአንድ ሕሙም የተወሰደ ነገር በሌላ ታማሚ ሴት ዓይን ውስጥ በመሣሪያ አስገባ። ሴትየዋ ሥጋ ደዌ ነበረባት፣ የእርሷ ግን ሌላ ዓይነት መልክ ያለው ነበር፤ የሌላኛው መልክ ይተላለፍባት እንደ ሆነ ለማየት ነው ያደረገው። አልጠየቃትም፤ አልነገራትም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1880 ከሆስፒታሉ ሐኪምነት ተሻረ። የሥጋ ደዌ የበላይ ሐኪምነቱ ግን አልተነሣበትም።

የሐንሰን ጥፋት ከየት መጣ? ምርምር ማድረጉ ጥፋት አልነበረም። ያቺ ሴት ወደ ክፍሏ ሲገባ ሐኪሟን ያየች መስሏት ነበር፤ የገባው ግን ተመራማሪው ነበር፤ ልዩነቱን ያወቀው እርሱ ብቻ ነው። ዛሬ በጥናት የሚሳተፍ ሰው የሚሰጠው የፈቃድ ቅጽ «ይህ ጥናት ለአንተ ለራስህ ላይጠቅምህ ይችላል» የሚለው ለዚህ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ማንበብ የሚከብደው ተማሪ በምርምር ቤት ብዙ ይቸገራል። ያለ ምንም ስሜት የሚያነበው ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል።

ስለ ኑሮው በአጭሩ እናንሣ። በአገራችን ሐኪም ለመሆን ኢንተርንሺፑን ጨምሮ ስድስት ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ስፔሻሊስት ለመሆን በሬዚደንሲ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ዓመት ይጨመራል። በምርምር ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያ ፒኤችዲ አለ፤ ድምሩ ብዙም አይለያይም። የሚለያየው የገንዘቡ ጠባይ ነው። ሐኪም ሕሙም አይታጣበትም፤ ከመንግሥት ሆስፒታል ሲወጣ በግል ክሊኒክ ያመሻል፤ ቤተሰቡን ግን አያይም። የተመራማሪ ገንዘብ በፕሮጀክት ይመጣል፤ ግራንቱ ሲያልቅ በኮንትራት የያዛቸው ሠራተኞቹ ይበተናሉ፤ እርሱም ሌላ ፕሮፖዛል ይጽፋል፤ አብዛኛውም ተቀባይነት አያገኝም። ወደ አሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችን ሌላ መልክ ያዩበታል። እዚያ በሳይንስ ፒኤችዲ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመክፈል ይልቅ ይከፈለዋል፤ የሕክምና ተማሪ ግን በትልቅ ብድር ይመረቃል። እዚህ ተመርቀው የሄዱ ሐኪሞችም የዚያን አገር የፈቃድ ፈተና እስኪያልፉ በምርምር ላብራቶሪ የሚሠሩበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ በዚያው ይቀራል፤ ወድዶት ነው ወይስ ደክሞት የሚለውን እርሱ ያውቃል።

የክብሩ ነገር ደግሞ አለ። በሠፈራችን «ዶክተር» የሚባለው መርፌ የሚያዝዘው ነው፤ ተመራማሪ ዶክተር ሲባል «የምን ዶክተር?» ብሎ የሚጠይቅ አክስት አይጠፋም። ዶክተር አክሊሉ ለማ ሕሙማንን የሚያክም ሐኪም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ በእንዶድ በሚያጥቡበት ቦታ፣ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱ ናቸው። እናቶቻችን እንዶድን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ እርሱ የጠየቀው የቀንድ አውጣዎቹን ሞት ነው። በኋላ በአድዋ ለዓመታት በተደረገው ሙከራ በትንንሽ ልጆች ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህን ሁሉ ይዞ እንኳ ዓለምን ለማሳመን ብዙ ደከመ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው በ1989 ነው፤ ከዚያ ወንዝ ዳር ሃያ አምስት ዓመት በኋላ። በመካከሉ ፕራዚኳንተል የሚባለው ክኒን መጥቶ የብዙዎችን ትኩረት ወስዶ ነበር። የተመራማሪ ዕጣ እንዲህ ነው፤ መልስህ ትክክል ሆኖ ሳለ ሌላ መልስ ሊቀድምህ ይችላል። ሐኪም ባከመው ሰው ፊት በሳምንት ውስጥ ደስታውን ያያል። ይህን ደስታ በየሳምንቱ ካላገኘ የሚጠወልግ ሰው አለ፤ ራሱን ያውቅ ዘንድ ይገባዋል፤ ምንም ነውር የለበትም።

«ሁለቱንም መሆን አይቻልም ወይ?» የሚለው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ይቻላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ የተወደደ ሐኪም ብሎ የሚጠራው ሉቃስ፣ በወንጌሉ መግቢያ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትሎ፣ ከዓይን ምስክሮች የተላለፈውን በተራ እንደ ጻፈ ለቴዎፍሎስ ይነግረዋል። ሕሙማንን ያየ ሰው ነው፤ ምስክሮችን የመረመረም ሰው ነው። ፕራይስም ቀዶ ሐኪምነቱን ሳይተው ነው አፈሩን የጠየቀው። ነገር ግን ሁለቱን የያዘ ሰው አንዱን ሲሠራ ሌላው ምን እየሆነ እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ለታማሚውም ዛሬ በየትኛው ማዕረጉ እንደ መጣ መንገር አለበት።

ከሁለቱ በየትኛው እንደሚጀምር ላልቆረጠ ሰው አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገር። ከሕክምና ወደ ምርምር የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው፤ ሐኪም የሆነ ሰው በሠላሳ አምስት ዓመቱም ፒኤችዲ ሊገባ ይችላል። ከምርምር ወደ ሕክምና የሚመለስ ግን ከመጀመሪያው ዓመት፣ ከአናቶሚው ጀምሮ ይማራል። ስለዚህ ሕክምና ገብታችሁ ልባችሁ ወደ ምርምር የሚያመነታ ካላችሁ አታቋርጡ፤ ጨርሱ። በዋርድ ሳላችሁ ግን ትንሽ ደብተር ያዙ፤ መልስ ያጣችሁለትን ጥያቄ በየቀኑ ጻፉ፤ የታማሚ ስም አትጻፉበት። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩ ባዶ ከሆነ ያም መልስ ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን አንብባችሁ ኑ። ካህኑ በቆዳው ላይ ምልክት የታየበትን ሰው ወዲያው ከመፍረድ ሰባት ቀን ለይቶ አቆይቶ እንደገና የሚያየው ለምን እንደ ሆነ እንነጋገራለን። በዚያው አያይዘን በጥናት ላይ ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው፣ ለሕፃን፣ ለእስረኛ ምን እንደሚደረግ እናያለን።